«ደህና ነኝ» ያለችን ሴት ባለማመኗ ስለተከሰሰችው ነርስ

ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዲበዛ፣ እንቅልፍዎ እንዲጥም፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ማንነት ለማወቅ ቢፈልጉ፣ እንደማይፈልጉ ብጠረጥርም፣ ዕድሜዬን በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስቆጣጠር የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። ሥራዬ ሰው ፊት ማየትና አለማመን ነበር። በዚያ ሥራ የተማርኩት አንድ ቁም ነገር ቢኖር፣ ትኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪ ከሁሉ ቀድሞና ከሁሉ አስበልጦ ሰላም የሚል መሆኑን ነው። ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ የአየሩን ጠባይ ሳይቀር ጠይቆኝ ሲያበቃ እጄን እዘረጋለሁ፤ ያን ጊዜ ኪሱን ሁሉ መበርበር ይጀምራል። ስለዚህ ክቡርነትዎ ባለፈው ሳምንት ለእህቴ የላኩት ትሕትና የሞላበት ደብዳቤ ቤታችን ሲደርስና «እጅግ የተከበሩ የሆስፒታላችን ቤተሰብ» የሚለውን መክፈቻ ሳነብ፣ እጄ ሳላዘው ተዘረጋ።

ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ነገሩን ላስረዳ። ደብዳቤዎ እህቴን «ስለሰጡት ጠቃሚ ምስክርነት» ያመሰግናታል። ምስክርነቱ የተሰጠው በድንገተኛ ክፍልዎ የልየታ ነርስ ላይ ነው፤ ልየታ ማለትም ከሚመጣው በሽተኛ መካከል ማን አሁኑኑ ይታይ፣ ማን ይጠብቅ ብሎ ገና ከበሩ መለየት ነው። ነርሷ የፊታችን ሐሙስ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፤ እንደሰማሁትም ከሥራ ትሰናበታለች። ዋናው ክሷ «የታካሚን ቃል መጠራጠር» ይባላል። ታካሚዋ እህቴ ናት፣ የተጠራጠረችው ቃልም «ደህና ነኝ» የሚለው ነው። ያን ቃል አምና ቢሆን ኖሮ እህቴ ዛሬ ለምስክርነት የምትሆን ሰው አልነበረችም። ክቡርነትዎ ከሞት የተረፈችን ሴት በአዳኟ ላይ ምስክር የማድረግ ብልሃት ያገኙ የመጀመሪያው ሰው ይመስሉኛልና፣ በዚህ አድናቆት ጀምሬ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ስላሰቀሉት ትልቅ ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «የታካሚ ቃል ይከበራል» ይላል፤ ከሥሩም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን የአባቶች አባባል ጨምረውበታል። እንዲህ ያለ ያማረ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ከጀርባው ምን እንዳለ ለማየት ጥግ ጥጉን መላጥ ያምረኛል። እንደተረዳሁት መመሪያዎ ቀላል ነው። የገባው ሁሉ «እንዴት ነዎት?» ይባላል። «ደህና ነኝ» ያለ አረንጓዴ ካርድ ይዞ ይጠብቃል፤ «ደህና አይደለሁም» ያለ ቢጫ ይሰጠዋል፤ «ሞትኩ፣ ድረሱልኝ!» ያለ ቀይ ካርድ ተቀብሎ ወዲያው ይገባል። ነርሷ የራሷን አስተያየት እንዳትጨምር ተከልክላለች፤ አስተያየት ክርክር ያመጣል፣ ክርክር አቤቱታ ይወልዳል፣ አቤቱታም ዞሮ ዞሮ የእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ካርድ ለማደል ነርስ ምን ያደርጋል ተብሎም የበሩ ጥበቃ ተመድቦበታል። ጥበቃው ቦርሳ ይፈትሻል፣ እንዴት ነዎት ይላል፣ ካርድ ይሰጣል፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳቸዋል።

ክቡርነትዎ፣ መመሪያውን ያረቀቀው ሰው አፉን የፈታው በእኛ ቋንቋ መሆኑን እጠራጠራለሁ። በእኛ አፍ «እንዴት ነዎት?» ማለት በር እንደ ማንኳኳት ነው፤ መልሱም «ደህና፣ ተመስገን» ነው። ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ልጁ የታሰረበትም፣ ጥርሱ ሲነዘንዘው ያደረም መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፤ ጉዱን የሚያወጣው ከስንት «ታዲያስ» እና ከስንት «ሌላስ» በኋላ ነው፤ ያውም ከተቀመጠና ትንሽ ከተነፈሰ። እንዲህ ካለ ሕዝብ መሐል ደህና ነኝ ያለውን ሁሉ ደህና ነው ብሎ ማስቀመጥ «ቤት ለእንግዳ» ላለ ሰው ሁሉ እጅ ዘርግቶ የቤቱን ቁልፍ እንደ መጠየቅ ነው። ይህን ክቡርነትዎ አያውቁም ለማለት አልደፍርም። የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬዬ ይብስብኛል።

፪ኛ. እህቴን በክብር ስለተቀበላት በርዎ አመሰግናለሁ። ታላቄ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችኝ እሷ ናት። ሰፈሩ «እትዬ ተመስገን» ይላታል፤ ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አንድ ጊዜ እግሯ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ሳለ እንዴት ነሽ ሲሏት «ደህና ነኝ፣ አንዱ እኮ አልተነካም» ትል ነበር። ሰው ማስቸገር ከሚመጣባት ነፍሷ ብትወጣ ትመርጣለች። ይህን የምለው ለወግ አይደለም፤ በዚያን ዕለት እውነትም ልትመርጥ ነበር።

ጠዋት ልብስ ታሰጣ ነበር። አንድ እርጥብ አንሶላ ግማሹን ገመዱ ላይ አንጠልጥላ ተወችና የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። እህቴ ሥራ በግማሽ የምትተው ሴት አይደለችምና ጠረጠርኩ። ምነው ብላት መንጋጋዬን ትንሽ ይዞኝ ነው አለች። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ፀሐዩ ግን ገና አልሞቀም። ጎረቤታችን ባለታክሲ ተለምኖ ሲወስደን እሷ መንገዱን ሙሉ የእሱን ሚስት ጤና ትጠይቅ ነበር። በርዎ ላይ ስንደርስ ጥበቃው እንዴት ነዎት አላት። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፤ አንተስ እንዴት ነህ ልጄ? ልጆች ሁሉ ደህና?» አለችው። ቀኑን ሙሉ እንዴት ነህ ብሎት የሚያውቅ የለም መሰል፣ ፊቱ በራ፤ በሁለት እጁ አክብሮ አረንጓዴ ካርድ ሰጣት።

እኔ አሟታል፣ አሟታል እኮ ብዬ ብጮህ ጥበቃው ማስታወቂያውን በጣቱ አሳየኝ። የሚከበረው የታካሚ ቃል ነው፤ የወንድም ቃል የሚል አልተጻፈም። እህቴም ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ «ሰው አታስቸግር» አለችኝ። ሄደን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

፫ኛ. በዚያ ሰዓት ቀይ ካርድ ይዞ ስለገባው ጎልማሳም ላመሰግን ይገባል፤ ብዙ አስተምሮኛልና። ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበታል። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም የሚለውን በሚገባ የተማረ ሰው ነው፤ ጩኸቱ መስኮቱን ያርገበግበው ነበር። ከልብ መከታተያው ማሽን አጠገብ ያለችውን አንዲት ባዶ አልጋ እሱ ያዘ። በሚገርም ሁኔታ ስልኩ በጠራ ቁጥር ሕመሙ ይተወዋል፤ «አጎቴ ቦርዱ ውስጥ ነው፣ አታስቡ» ይልና ስልኩን ሲዘጋ እንደገና ይጀምረዋል። በአውቶቡስ ዘመኔ እንዲህ ያለውን ተሳፋሪ ሁለት ፌርማታ ሳይሄድ አወርደው ነበር።

ይህን እያየሁ ሳለ ነርሷ መጣች። ባልደረቦቿ «ሲስተር ቆቅ» ይሏታል፤ ለምን እንደሚሏት በኋላ ገባኝ እንጂ ያን ጊዜ አላወቅሁም። በአግዳሚው ፊት ቶሎ ቶሎ እየሄደች አልፋን ነበር፤ ድንገት ቆመች፣ ተመለሰች። ዓይኗ የእህቴ እጅ ላይ ነው። እህቴ ያን ቀን የእናታችንን የወርቅ አምባር አድርጋለች፤ እኔም ወዲያው ይቺ ሴት ምን ፈልጋ ነው ብዬ ጠረጠርኩና ቀረብ ብዬ ተቀመጥኩ። ነርሷ አልተሳለመችም። እንዴት ነዎት አላለችም። ቁጢጥ አለችና «እማማ፣ ትናንት ሠርተውት ዛሬ ያቃተዎት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። እህቴ አሰበች። ራሷን መውቀስ ያሳፍራታልና አንሶላውን ወቀሰች፦ «ኧረ ምንም፣ አንሶላው ነው ዛሬ የከበደኝ፤ ውኃ በዝቶበት ይሆናል» አለች።

ይህን ስትሰማ የነርሷ ፊት ተለወጠ። የእህቴን የእጅ አንጓ ያዘች፣ ግንባሯን ነካች፣ ከአንገቷ በታች ያለውን ላብ አየች፣ አምባሩን ማውለቅ ጀመረች። ምን ልታደርጊ ነው ብዬ እጇን ያዝኩት። እሷም «አባባ፣ እርስዎ ይያዙልኝ» ብላ አምባሩን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና አረንጓዴውን ካርድ ከእህቴ እጅ ወስዳ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ክስዎ ላይ በዝርዝር አስፍረውታል። ባለ ቀይ ካርዱን ጎልማሳ በክንዱ ደግፋ ከአልጋው አነሳችውና ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ሲጮህ «መጮህ መቻልዎ ደስ ይላል» አለችው። እህቴን አስተኛች፣ በደረቷ ላይ የማሽኑን ገመዶች ለጣጠፈች፣ ሌላ በሽተኛ ላይ የነበረውን ሐኪም ጠርታ አመጣች። ሐኪሙ በሽተኛዋ ምን ትላለች ብሎ ጠየቃት። ደህና ነኝ ትላለች አለችው። «ታዲያ?» ሲላት «አላመንኳትም» አለች።

ሐኪሙ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት አይቶ መድኃኒት አዘዘ። እህቴን ያመማት ልቧን ነበር፤ መንጋጋዋ ድረስ የተሰማት የልቧ ጉዳይ ነበር። ወዲያው «ይቅርታ፣ ትንሽ ላስቸግራችሁ ነው መሰለኝ» አለችና ዓይኗን ከደነች። ማሽኑ ማንም የማይወደውን ድምፅ አሰማ። ሲስተር ቆቅ በርጩማ ስባ ወጣችበትና በሁለት መዳፏ የእህቴን ደረት መጫን ጀመረች፤ እየቆጠረች ትጫናለች፣ ሌሎቹን እያዘዘች ትጫናለች፣ ላቧ እህቴ ላይ እየተንጠባጠበ ትጫናለች። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አምባሩን ጨብጬ ቆሜያለሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ያሳደገችኝ ሴት ዓይኔ እያየ ሄደች ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ይህን በአደባባይ ስጽፍ አላፍርም።

ተመለሰች። ዓይኗን ገልጣ ዙሪያዋን አየች፤ እንዴት ነዎት አሏት። የመለሰችውን ክቡርነትዎ አሁን መገመት ይችላሉ። ሲስተር ቆቅ ከበርጩማው ወርዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሁሉ የእህቴን ልብ ልብ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ለዚህም ነው ሐሙስ የምትከሰሰው።

፬ኛ. ከክሱ ጋር አያይዘው ስላወጡት «የድንገተኛ ክፍል ነርስ ሚናና ኃላፊነት» ስለተባለው ጽሑፍም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ዋናው ነጥቡ ነርስ «የታዘዘችውን በፈገግታ ትፈጽማለች» የሚል ነው። እህቴ ተኝታ በቆየችባቸው ቀናት ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ፣ በመጠባበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህች ሴት ኃላፊነቷን እንዴት እንደምትወጣ በራሴ ፈቃድ ተቆጣጥሬያለሁ። ያገኘሁት ነገር ለኮሚቴው ተጨማሪ ክስ ሊሆን ይችላልና ሳልደብቅ አቀርባለሁ።

አንደኛ ነገር፣ ይህች ነርስ የገዛ ዓይኗን አታምንም። መድኃኒት ልትሰጥ ስትል ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባ፣ ደግማ አንብባ፣ ለሌላ ነርስ ታስነብባለች። ስሙን አሳምራ የምታውቀውን በሽተኛ ስምዎ ማን ነው ብላ ትጠይቀዋለች። ሐኪሙንም አታምንም፤ ያዘዛትን መጠን ጮክ ብላ መልሳ ትነግረዋለች፤ አንድ ቀን እንዲህ ስታደርግ ሐኪሙ ደንገጥ ብሎ «ኧረ ግማሹን ነው ያልኩሽ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግማሹን እንዳላለ እኔም እሷም ሰምተናል፤ እሷ ግን «እሺ ዶክተር» ብላ ግማሹን ሰጠች፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ማሽኑንም አታምንም፤ ጥሩ ነው የሚል ቁጥር እያሳየ እሷ የበሽተኛውን ከንፈር ቀለም ታያለች። ዝም ያለ ሕፃን ካለቀሰ ሕፃን የበለጠ ያስደነግጣታል። ጠጥቶ የተኛ ነው ተብሎ ጥግ የተጣለውን ሰው ቀስቅሳ ታናግረዋለች፣ ተሰድባ ትመለሳለች፣ ቆይታ ደግሞ ሄዳ ትቀሰቅሰዋለች።

አንዲት ወጣት ሴት ዓይኗ አብጦ ከባሏ ጋር መጣች፤ በሩ መታኝ አለች። ባልም አዎ በሩ ነው አለ። ሲስተር ቆቅ በጣም ትሑት ሆና ክብደትዎን ልመዝንዎት ብላ ሴትየዋን ብቻዋን ወደ ውስጥ ይዛት ገባችና በሩን ዘጋች። ለመመዘን ያን ያህል ጊዜ እንደማይወስድ እኔ እንኳ አውቃለሁ። ሴትየዋ በዚያ ቀን ከባሏ ጋር አልተመለሰችም። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ሽማግሌ እዚያው ሞቱ። ሚስታቸው ውጭ ቆመዋል። ነርሷ ቶሎ አላስገባቻቸውም፤ እኔም ምን ልትደብቅ ነው ብዬ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ፊታቸውን በሞቀ ውኃ ታጥባለች፣ ፀጉራቸውን ታበጥራለች፣ ከአፋቸው ቱቦውን አውጥታ አገጫቸውን ትደግፋለች። ከዚያ ወጥታ ሚስትየውን አስቀምጣ፣ እሷም ተቀምጣ፣ «ሞተዋል» የሚለውን ቃል ሳትሸፋፍን ነገረቻቸውና እጃቸውን ይዛ ቆየች። ይህንን በፈገግታ አልፈጸመችም። ያዘዛት ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጠረጠርኩት ሰውን ከአውቶቡስ ለማውረድ ነበር፤ ይህች ሴት የምትጠረጥረው ለማሳፈር ነው። ሥራዋ ይኸው ነው፣ ክቡር ሆይ፤ መርፌና ጉሉኮሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። አሁን በመመሪያዎ መጠርጠሯን ከከለከሏት፣ ከነጭ ልብሷ በቀር ከጥበቃው የሚለያት ነገር አይኖርም።

፭ኛ. ወደ ቤታችን ስለላኳቸው ሦስት ጨዋ ሰዎች ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የመጡት እኔ መድኃኒት ልገዛ በወጣሁበት ሰዓት ነው፤ አጋጣሚ ነው ይሉኝ ይሆናል፣ እኔ ግን በአጋጣሚ የማምን ሰው አይደለሁም። ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ገቡ፣ ስለ ቤቱ ንጽሕና አመሰገኗት፣ ስልካቸውን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያም «በዚያን ዕለት ሆስፒታላችን ሲገቡ እንዴት ነበሩ?» ብለው ጠየቋት። «ደህና ነበርኩ፣ ተመስገን» አለች። ሌላ ምን ልትል ኖሯል? ለሰላምታ የመጡ እንግዶች መስለዋታል። ያቺ ልጅ እንዴት ናት፣ ሰላም በሉልኝ ብላም ጨምራ ነበር፤ በደብዳቤዎ ላይ ግን ይህ አልተጠቀሰም። ሰዎቹ አመስግነው ወጡ፣ እሷም እስከ በር ሸኘቻቸው።

ደብዳቤዎ የመጣ ዕለት ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ድገምልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ነርሷ ከድንገተኛ ክፍል ተነስታ በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ አንሶላ እንድታጣጥፍ መደረጉን፣ ሐሙስ የሚሆነውንም ነገርኳት። ከዚያ በዕድሜዬ ከአፏ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ተናገረች። «ወንድሜ፣ እኔስ ደህና አይደለሁም» አለችኝ። ሐኪም ልጥራ ብዬ ስነሳ ተቀመጥ አለችኝና «ያቺን ልጅ በገዛ አፌ ገደልኳት» ብላ አለቀሰች። እህቴ ልቧ ቆሞ እንኳ ሰው ይቅርታ የጠየቀች ሴት ናት። ክቡርነትዎ ግን አስለቀሷት፤ ይህን እኔ አልረሳውም።

፮ኛ. ስለ ነገሩ ሁሉ መነሻ ያለኝን ጥርጣሬ ባጭሩ ልናገር። የተከበረው የታካሚ ቃል የእህቴ ሳይሆን የባለ ቁርጭምጭሚቱ ይመስለኛል። አጎቱ ቦርዱ ውስጥ ባይሆን ኖሮ ከአልጋ ወደ ወንበር የተዛወረ ሰው ጉዳይ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ባልደረሰም ነበር። ተሳስቼ ከሆነ ማስተባበያዎን በታላቅ ጉጉት እጠብቃለሁ፤ በተለይ ያልተጠየቁትን ሳይቀር የሚመልስ ትሑት ማስተባበያ ከሆነ ብዙ ያስረዳኛል።

እስከዚያ ድረስ ግን በሩ ላይ የቀረው ጥበቃው ነው። ለእህቴ መድኃኒት ስመላለስ አግዳሚው ላይ አረንጓዴ ካርድ ይዘው የሚጠብቁትን እናቶችና አባቶች አያለሁ። ማንንም እንዳያስቸግሩ እግራቸውን ሰብስበው፣ የገባ የወጣውን እንዴት ዋላችሁ እያሉ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው የትኛው ዛሬ አንሶላ እንደከበደው እኔ መለየት አልችልም፤ እየጠረጠርኩ አልፋቸዋለሁ፣ ቤቴም እገባለሁ። መለየት የምትችለው ሴት ከእነሱ ሁለት ግድግዳ አልፋ የትራስ ልብስ ታጣጥፋለች።

ስለዚህ ሐሙስ እህቴ በእኔ ክንድ ተደግፋ ትመጣለች። ሐኪሟ ደረጃ እንዳትወጣ ስለከለከላት ኮሚቴው ምድር ቤት ቢሰበሰብ በጎ ፈቃድዎን እናመሰግናለን፤ ካልሆነም ተሸክሜያት እወጣለሁ። ስንት ዓመት ተሸክማኛለች። የምትለውን አስቀድሜ አልነግርዎትም፤ ስልክዎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እንዲቀዱት ብቻ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በሥልጣን ዘመንዎ ሁሉ ደብዳቤ ጸሐፊ እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ከማይጓደል አክብሮትና ከማያንቀላፋ ጥርጣሬ ጋር ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የእርስዎው ታዛዥ፣
የእትዬ ተመስገን ታናሽ ወንድም፣
ጡረተኛው የትኬት ተቆጣጣሪ

ማሳሰቢያ፦ ክቡር ሆይ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ባያነቡት እንኳ ይህችን ያንብቡ። ሰኞ ዕለት ይህንኑ ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለማስረከብ መጥቼ በኮሪደሩ ላይ ባለጉዳዮችን ሲያነጋግሩ አግኝቼዎት ነበር። የጨጓራ ኪኒን ያኝኩ ነበር፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ ጨመሩበት። የያዙትን ፋይል ከግራ እጅዎ ወደ ቀኝ አዛወሩና ግራ እጅዎን ጨበጥ ፈታ፣ ጨበጥ ፈታ ያደርጉ ጀመር። መስኮቱ ተከፍቶ እኔ በካፖርት ሆኜ እየበረደኝ፣ የእርስዎ ሸሚዝ ኮሌታ ርሶ ነበር። እንዴት ነዎት ብዬ ብጠይቅዎ «እጅግ በጣም ደህና» አሉኝ። ወደ ልብስ ማጠቢያው ወርጄ ለሲስተር ቆቅ ነገርኳት፤ እውነቱን ለመናገር አብራኝ እንድትስቅ ብዬ ነው የነገርኳት። አልሳቀችም። ኪኒኑ አስታገሣቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ አይመስለኝም አልኳት፤ የያዘችውን ጣል አድርጋ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። ጸሐፊዎ ግን «ክቡርነታቸው ደህና ነኝ ብለዋል» ብለው ከበር መለሷት። በማግስቱ እኔ ራሴ የታሸገውን ፖስታ ይዤ ብመለስ፣ ያለ ቀጠሮ አይቻልም ተባልኩ። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ላሳፍርዎ ብቻ አልነበረም፤ በሌላ መንገድ የሚደርስዎ ስላልሆነ ነው። እባክዎ ሐሙስን አይጠብቁ። ዛሬውኑ ወደ ልብስ ማጠቢያው ይውረዱና ደህና ነኝ ይበሏት፤ እሷ አታምንዎትም።